ኤልሲዲው የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ሳጥን ነው። የወግ ስሙ ፕሮጀክተር ይባላል፤ እኛ ግን ከመምህር እስከ ተማሪ «ኤልሲዲ» ነው የምንለው። ሴሚናር ሲደርስ ሁላችንም እንሻማበታለን፣ ሴሚናሩ ሲያልፍ ደግሞ ሁላችንም እንረሳዋለን። «ደግሞ ስለ ኤልሲዲ ምን ይጻፋል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን የዚህ ሳጥን አያያዝ ነገ ተመርቀን ስንወጣ ምን ዓይነት መምህራን እንደምንሆን ያሳያል ባይ ነኝና እስቲ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልሲዲ ሲገዛ መጀመሪያ ንብረት ክፍል ይገባል፤ ከዚያ አንድ ሰው ሞዴል 22 ላይ ፈርሞ ይረከበዋል። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ይቆልፍበታል። ተማሪ ሲጠይቀው «ቁልፉ የለም»፣ «ነገ ኑ»፣ «ኃላፊውን አስፈርማችሁ አምጡ» ይላል። አልፈርድበትም፤ ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ እንጂ እኛ አይደለንም። የሚገርመው ግን ዕቃውን ባለመጠበቁ የሚጠየቅ ሰው ሲኖር፣ የአየር ማጣሪያውን ባለማጽዳቱ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ ቆጣሪው ሳጥኑን አይቶ «አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ይብራ አይብራ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ በመዝገብ ሕያው፣ በክፍል ውስጥ ግን ሙት የሆነ ንብረት እንይዛለን።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በ1997 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ሕዝቡም «ፕላዝማ» አለው። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በየክፍሉ በተተከለ ስክሪን ይመጣ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት ያግኝ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ቆም አይል፣ ወደ ኋላ አይመለስ፤ መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ስክሪኑ ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኙ ሩቅ ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማው ከነብረት ሳጥኑ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ነበር፤ አስራ ሁለተኛን እስክጨርስ ግን አንድም ቀን በርቶ አላየሁትም። እኛ ልጆቹ እንደ ግድግዳው አካል ቆጥረነው ነበር።

ኤልሲዲ ከፕላዝማ የሚሻልበት ነገር አለው። የፕላዝማው ትምህርት ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው፤ የኤልሲዲው ሪሞት ግን ያለው በመምህሩ እጅ ነው። ተማሪው ካልገባው ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ካስፈለገም አጥፍቶ ጠመኔውን ያነሣል። ይህን ያህል ሥልጣን ከተሰጠን ደግሞ ኃላፊነቱም አብሮ ሊሰጠን ይገባል። ሰዉ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ለዚህ ነው።

እስቲ የት እንደምንመደብ እናስብ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ተመርቀን የምንሄደው ወደ ላይና ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ እስቴ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የደረሰው «ከተማ ደረሰኝ» ይላል፤ ሌላው ከዚያም አልፎ በእግሩ የሚሄድ ነው። እዚያ ኤልሲዲ ቢበላሽ የሚጠራ ቴክኒሺያን በቅርብ የለም። ዕቃውን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ባሕር ዳር ማድረስ ደግሞ ለብቻው ሌላ ብልሽት ነው። በዚያ ላይ ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን የተነሣው ግጭት የብዙ ት/ቤቶችን በር ዘግቶ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተረፈችው አንዲት ዕቃ በአቧራና በቸልተኝነት ከሞተች ምትክ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ስለ አገራችን ከፍታ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ኤልሲዲ በውስጡ ያለውን ኃይለኛ ሙቀት የሚያስወጣው በማራገቢያው አየር ነው። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ፣ ነፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን እንደ ወፍራሙ አያስወጣም። አዎ፣ ነፋስ መውጫ ብርድ ነው፤ የክፍሉ ብርድ ግን የአየሩን መሳሳት ሙሉ በሙሉ አይክስም። ለዚህም ነው ብዙ አምራቾች ዕቃው ከ1500 ሜትር ገደማ በላይ ሲሠራ ከሜኑው ውስጥ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን አብሩ ብለው በመመሪያቸው የሚጽፉት። ያን ጊዜ ማራገቢያው በፍጥነት ይዞራል፣ ድምፁም ይጨምራል። «ጮኸብን» ብሎ የሚያጠፋው ሰው የአምፖሉን ዕድሜ እየቆረጠ ነው። እንግዲህ ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ አፋፍ ያሉት የወረዳ ከተሞቻቸው ሁሉ ከዚህ ልክ በላይ ስለሆኑ፣ ይህ ለእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ትምህርት መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ ወራት የአውድማው ብናኝና የመንገዱ አቧራ በመስኮት ይገባል፤ የጠመኔውም ብናኝ አለ። ይህ ሁሉ ማጣሪያው ላይ ይከማቻል። ማጣሪያው ሲደፈን አየር አይገባም፣ ዕቃው ይግላል፣ ከዚያም ራሱን ያጠፋል። ያኔ «ተቃጠለ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን አልተቃጠለም፤ ታፍኖ ነው። ዕቃው ጠፍቶና ሶኬቱ ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጣሪያውን አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሌንሱም ቢሆን በጋቢ ጫፍ ወይም በሹራብ እጅጌ አይጠረግም፤ ንጹሕና ለስላሳ የሌንስ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሦስተኛው መብራቱ ነው። አምፖል ያለው ኤልሲዲ ሥራ ሲያበቃ በማጥፊያው ይጠፋል እንጂ ሶኬቱ አይነቀልም። ማራገቢያው የሞቀውን አምፖል አቀዝቅዞ እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህ ዕድል አይገኝም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በትንሽ ዩፒኤስ፣ ካልተቻለም ቢያንስ በስታቢላይዘር በኩል መሰካት ይሻላል። መብራቱ ወዲያው ተመልሶ ከመጣም ቶሎ አታብሩት። አምፖሉ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ጋዝ ግፊቱ እስኪቀንስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው። በሞቀ ጊዜም ተሸክሞ መሮጥ የለም።

ለመትከሉ ደግሞ ምሥጢር የለውም። ገመዱ አስቀድሞ ይሰካል፣ ኤልሲዲው ይበራል፣ ከዚያ ላፕቶፑ። ምስሉ ካልመጣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«ፒ» ጋር ተጭኖ ማባዛት የሚለውን መምረጥ ነው። ምስሉ ወደ ላይ ሰፍቶ ወደ ታች ከጠበበ ዕቃው ወደ ላይ ቀና ብሏል ማለት ነውና ከሥሩ መጽሐፍ ከመደርደር ይልቅ ጠረጴዛውን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ስክሪን የሌለው ት/ቤት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ወይም በደንብ የተወጠረ አቡጀዲ ይበቃዋል። ከኋላ ወንበር የማይነበብ ጽሑፍ ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ከማቅረባችን በፊት ሄደን ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እንየው። አማርኛ የሚጽፉም ይጠንቀቁ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በዩኒኮድ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው «መጽሐፍ እንኳ ለተማሪው በማይዳረስበት አገር ኤልሲዲ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጠመኔ መብራት አይጠፋበትም። ስላይድ ላይ የተጻፈውን ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ የሚያነብ መምህር ቢኖረን ቢቀርብን ይሻላል። ነገር ግን ማይክሮስኮፕ ለሌለው ክፍል የሕዋስን ሥዕል፣ ካርታ ለሌለው ክፍል የዓባይን ተፋሰስ በአንድ ጊዜ ለስልሳ ልጅ የሚያሳይ ዕቃ ቅንጦት አይመስለኝም። መጽሐፍ ለሌለው ት/ቤት ይልቅ የበለጠ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ያልሠለጠነ እጅ ከነካው ይበላሻል» የሚለው ነው። ይህም የራሱ ድንበር አለው። ቀፎውን መፍታት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን የውስጥ ክፍል መነካካት የባለሙያ ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው። ማጣሪያ ማራገፍ፣ ገመድ መፈተሽ፣ ከፍታውን ማስተካከል፣ ሌንስ መጥረግና የአምፖሉን ሰዓት ከሜኑው ማንበብ ግን የተጠቃሚው ሥራ ነው። «አትንኩ» እየተባልን የተመረቅን መምህራን ነገ የእኛን ተማሪዎች «አትንኩ» ከማለት ሌላ ምን እናውቃለን?

ደግሞስ ቆልፎ ማስቀመጥ ያተርፋል ወይ? ሒሳቡን እንሥራው። አምፖሉ እንደ ስሪቱ ከ2000 እስከ 4000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 36 ሳምንት ብንጠቀምበት 720 ሰዓት ነው። 3000 ሰዓት የሚቆይ አምፖል በአግባቡ ከተያዘ ከ4 ዓመት በላይ ያስተምረናል ማለት ነው። አንድ ባች ገብቶ እስኪወጣ ያህል እኮ ነው! በዓመት ሁለት ቀን ለእንግዳ ብቻ የሚበራው ኤልሲዲ ግን ማንንም ሳያስተምር ያረጃል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ለልምምድ ማስተማር ከመውጣቱ በፊት ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ የሁለት ሰዓት የተግባር ትምህርት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ከየሴክሽኑ ሁለት ተረኞች ይመደቡ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይቅር። ሦስተኛ፣ ከዕቃው ጋር አንድ ደብተር ይኑር። ማን ወሰደው፣ የአምፖሉ ሰዓት ስንት ደረሰ፣ ማጣሪያው መቼ ተራገፈ የሚለው ይጻፍበት፤ የዓመቱ ቆጠራም «አለ ወይ?» ከማለት ጋር «ይበራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አራተኛ፣ የግዢ ጥያቄ ሲቀርብ መለዋወጫ አምፖሉ፣ ማጣሪያውና ስታቢላይዘሩ በዚያው ወረቀት ላይ ይካተቱ። አቅሙ ካለም 20000 ሰዓት ያህል የሚሠራው ባለ ሌዘሩ ወይም ባለ ኤልኢዲው ይታሰብ፤ እሱም ቢሆን ከአቧራ ጥበቃ ነፃ አይደለም።

በመጨረሻም ከአካባቢያችን ታሪክ አንድ ነገር ላንሣ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በጋይንት በኩል ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በዚያ ገደል ለወራት የተጓዘው መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገለት፣ ብዙ ሰው እየጎተተው ነው። መድፉን ማሠራቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም ነበር። የእኛ ኤልሲዲ ክብደቱ ሦስትና አራት ኪሎ ቢሆን ነው፤ የሚጠብቀው መንገድ ግን ያው ነው፦ ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው።

ኤልሲዲው የማን ነው? ሕጉ የፈረመው ሰው ነው ይላል። እኔ ደግሞ ማጣሪያውን የሚያራግፈው ሰው ነው እላለሁ። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እስከዚያው ግን ተረኛውን እንምረጥ።

ቸር እንሰንብት!