አሮጌ መኪናዎ በጭስ ምርመራ ቢወድቅ፦ ለኪስም ለሳንባም የሚቀለው መንገድ

ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር የ9 ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ መጡ። ልጅቷ አስም አለባት። ሌሊት ሌሊት እየሳለች እንቅልፍ ካጣች ሰንብታ ነበር። የፓፉን አጠቃቀም እያሳየኋት ሳለ አባትየው "ዶክተር፣ እኔ ዛሬ የያዝኩት ሁለት ማዘዣ ነው" አሉኝ። አንዱ የልጃቸው መድኃኒት ነው። ሌላው መካኒክ የጻፈላቸው የዕቃ ዝርዝር ነው። ሚኒባሳቸው በዓመታዊው ምርመራ በጭሱ ምክንያት ወድቆ ቦሎ ተከልክለዋል። "የቱን ላስቀድም?" ሲሉ እየሳቁ ቢሆንም ጥያቄው ቀልድ አልነበረም።

መድኃኒቱ እንደሚቀድም ነገርኳቸው። የዕቃውን ዝርዝር ግን እኔም አየሁት፤ ከላይ የተጻፈው ሞተር ማውረድ ነበር፣ ከሁሉም የሚወደደው ሥራ ማለት ነው። የአየር ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ ስጠይቃቸው አላስታወሱም።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ችግር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። ሁለቱም እርምጃዎች የሚመለከቱት ገና የሚገባውን መኪና ነው። ቀድሞ የገባው ዲኤክስ፣ ቪትዝና ሚኒባስ መንገድ ላይ ነው። ምትክ መግዛት ስለከበደ ባለቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይነዳዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለአብዛኛው ታክሲ ነጂ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት በየጎዳናው የምንተነፍሰው አየር በአመዛኙ የሚወሰነው እነዚህ አሮጌ መኪኖች እንዴት በተያዙ ነው። ጥብቅ ምርመራ ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን የወደቀው ሰው ምን ያህል እንደወደቀና በምን እንደወደቀ ካልተነገረው፣ ወይ ያለ ፍላጎቱ ሞተር ያወርዳል፣ ወይ ወረቀቱን "የሚጨርስለት" ደላላ ይፈልጋል። ደላላው ጭሱን አይቀንስም።

ጭሱ ውስጥ ምን አለ?

ከጭስ ማውጫው ከሚወጡት ነገሮች ለጤና በጣም የሚያሳስቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒኤም 2.5 የሚባለው እጅግ ደቃቅ ብናኝ ነው። ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። አስምን ይቀሰቅሳል፤ ለልብ ድካም፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ በላይ ነው። በእርግጥ ጥፋቱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ማገዶ፣ ከሰልና በየመንደሩ የሚቃጠለው ቆሻሻም ድርሻ አላቸው። የናፍጣ ጭስ ግን በተለይ በ2012 እ.ኤ.አ. ለካንሰር መንስኤነታቸው ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ ተመድቧል።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። የኦክስጅንን ቦታ በደም ውስጥ ይቀማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ይህ ጋዝ ሲጨመር ጉዳቱ ይከብዳል።

ከፍታው ሞተሩንም ይጎዳል። ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት አንዴ በተስተካከለላቸው ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። የበዛው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች የሚወድቁት ሞተራቸው ስላለቀ ሳይሆን ለከፍታችን ስላልተስተካከሉ ነው። ጥሩ መካኒክ ሚኒሞውንና ድብልቁን በማስተካከል ብቻ ብዙ ሊለውጥ ይችላል።

ቀለሙን ይመልከቱ

ሐኪም የአክታ ቀለም እንደሚጠይቀው መካኒክም የጭስ ቀለም ይጠይቃል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ እንደበዛ ወይም አየር እንዳነሰ ያሳያል። ይህ ብዙውን ጊዜ በርካሹ የሚስተካከለው ነው። ከዚህም በላይ ጥቁሩ ጭስ ከፍለው የገዙት ነዳጅ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል፤ ሞተር ማውረድ የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ እርጥበት ስለሆነ አያስጨንቅም። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልጠፋ ግን የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። በናፍጣ መኪና ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት ከቀላሉ ይጀምሩ። የአየር ፊልትሮውን ያስወጡና ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። የሞተር ዘይቱ ጊዜው ካለፈ ይለውጡት። በቤንዚን መኪና ካንዴላዎቹ ይታዩ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት የበራ ከሆነ በኮምፒውተር ያስነብቡት። መብራቱን አስጠፍቶ ወዲያው መሄድ ግን አይጠቅምም፤ ችግሩ እዚያው ነው።

በናፍጣ መኪና ከፊልትሮው ቀጥሎ የሚታዩት ኖዝሎቹ ናቸው። አንድ ነገር መካኒክዎን በግልጽ ይጠይቁ፦ ፖምፓው ተከፍቷል ወይ? ዳገት በደንብ እንዲወጣ ተብሎ ናፍጣ የሚጨምሩበት መኪና ብዙ ነው። በምርመራ ላይ የናፍጣ ጭስ የሚለካው ነዳጅ በድንገት ተረግጦ ስለሆነ እንዲህ ያለው መኪና ወዲያው ይጋለጣል። ፖምፓውን ወደ ቦታው መመለስ ብዙ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። መኪናው ዳገት ላይ ትንሽ ይከብደዋል፤ ነጂው ይለምደዋል።

የምርመራው ቀን መኪናውን ቢያንስ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነድተው ይሂዱ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ያጨሳል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ጭስ ማጣሪያም ሥራ የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ይህ ዕቃ በውስጡ ውድ ማዕድን ስላለው አንዳንድ ጊዜ ተነቅሎ ይሸጣል፤ በቦታው ባዶ ቧንቧ ይበየዳል። አሮጌ መኪና ሲገዙ መኖሩን ያስፈትሹ። ተነቅሎ ከሆነ የሚተካበት ዋጋ ከባድ ሊሆን ይችላል።

የተቀደደ ማርሚታ

ከጥገናዎቹ ሁሉ እኔ እንደ ሐኪም ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው። አንዳንዶች "ማርሚታው ቢቀደድ አየር እየገባ ልኬቱን ዝቅ ያደርገዋል" ይላሉ። ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ በወለሉ ስንጥቅና በኋላው በር ላስቲክ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ይተነፍሰዋል። የኋላ ወንበር ላይ የተኙ ልጆችም እንዲሁ። በየበያጁ ቤት በትንሽ ወጪ የሚዘጋ ቀዳዳ ነው።

መኪና ውስጥ ሲሆኑ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም እየመጣ ከመኪናው ሲወርዱ የሚሻልዎ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ። አብረው የተሳፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ ይበልጥ ይጠርጥሩ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ለተመረዘ ሰው ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል "98 ነው፣ ደህና ነህ" ተብሎ መመለስ አይበቃም። ሰው ራሱን ከሳተ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፣ ከዚያ አምቡላንስ ይጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማሞቅ ደግሞ በሩ ገርበብ ቢልም አይደረግም።

መኪና ስለተጠገነ አስም አይድንም። ልጅዎ የታዘዘላትን የመከላከያ ፓፍ ደህና ሆና ብትታይም አታቋርጡባት፤ ጠዋት መኪናው ሲሞቅ ከጭስ ማውጫው አጠገብ አትቁም።

ምርመራው ቢያልፍም ቢወድቅም የልኬቱን ቁጥር ጠይቀው ይጻፉት። "ወድቋል" የሚለው ቃል ብቻ መካኒኩን ወደ ግምት ይመራዋል። ቁጥሩ ግን ከጥገና በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ያስችለዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣም ለእርስዎ ይጠቅማል።

እኒያ አባት ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን ለክትትል ይዘው ተመለሱ። ሞተሩን አላወረዱም። ፊልትሮ ቀይረዋል፣ ኖዝል አስጠርገዋል፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር የነበረ የማርሚታ ስንጥቅ አስበይደዋል። ቦሎውን አግኝተዋል። የልጅቷን ሳል ጠየቅኳቸው፤ ቀንሷል አሉኝ፣ ፓፉ ይሁን ክረምቱ ስለወጣ ይሁን መለየት አልተቻለም። "የእኔ ራስ ምታት ግን ለቀቀኝ" አሉ። ራስ ምታት እንደነበራቸው እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም ነበር።