ሻጋታ ስለ ነካው መኖና መርዝን በመልኩ ለይቶ ስለሚይዝ ጥበብ

ማኅተም በሰም ላይ በተጫነ ጊዜ መልኩን ትቶ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቅርጽ ውስጥ ልክ ሆኖ የሚገባው ያው ማኅተም ነው እንጂ የሌላው አይገጥምም። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ለዐይን የማይታየውን ሞለኪውል እንደ ማኅተም አድርገው መልኩን በጠጣር ነገር ላይ የሚቀርጹበትን ጥበብ አግኝተዋል። ሞለኪውሉ ታጥቦ ከወጣ በኋላ የቀረው ባዶ ስፍራ ከብዙ ነገሮች መካከል ያንኑ መልክ ለይቶ ይይዛል። ይህ ጥበብ ከእርሻ ሥራ የራቀ ቢመስልም የላሞችን መኖና የሕፃናትን ወተት የሚነካ ስለ ሆነ፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሊያስተውሉት ይገባል።

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1931 ፖልያኮቭ የተባለ የሶቪየት ሊቅ፣ ሲሊካ ጄል በሚዘጋጅበት ጊዜ አብሮት የነበረውን ነገር ጠባይ በገጹ ላይ እንደሚያስቀር ገለጠ። በ1949 በአሜሪካ ዲኪ የተባለው ሊቅ ሲሊካ ጄልን ሜቲል ኦሬንጅ ከሚባል ቀለም ጋር አዘጋጅቶ ቀለሙን አጠበው፤ ጄሉም ከዘመዶቹ ቀለሞች ይልቅ ያንኑ አብልጦ ያዘ። በ1972 ደግሞ ዉልፍ የተባለው ጀርመናዊ ይህንኑ ከፕላስቲክ ወገን በሆነ ነገር አደረገው። ዛሬ በመመርመሪያ ቤቶች ከእህልና ከመኖ ውስጥ መርዝን ለይቶ ለመለካት ይሠሩበታል። መርዙን መንካት አደገኛ ስለ ሆነም፣ ብዙ ጊዜ መልኩ የሚመስል ሌላ ሞለኪውል በማኅተምነት ይተካል።

ከእነዚህ መርዞች ዋናው ከሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ታላላቅ ዶሮዎች ያለቁት በእርሱ ነበር። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ተደርጎ በ2016 የታተመ ምርመራም ከ110 የወተት ናሙናዎች በአውሮፓ ከተፈቀደው ልክ፣ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የመርዙም ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታውቋል። ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም።

ስለዚህ መርዝ ያጠፋል እየተባለ ከመኖ ጋር የሚደባለቅ ዱቄት ለገበያ ሲቀርብ፣ ሹሙ ነጋዴውን አስቀድሞ «የየትኛው መርዝ መያዣ ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ አፈር ጠፍጣፋውን የአፍላቶክሲን ሞለኪውል በንጣፎቹ መካከል አጥብቆ ይይዛል፤ መልካቸው የተለየውን ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች፣ ለምሳሌ ዲኦክሲኒቫሌኖልን፣ ግን ያሳልፋል። አንዱን መርዝ የሚይዘውን ሁሉን ይይዛል ብሎ የሚሸጥ ሰው ገበሬውን ያታልላል፤ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሹምም ከበደሉ አይነጻም።

ምናልባት አንዳንዱ፣ ምርመራ ወጪ የሚያበዛ ነገር ነው፤ ሸክላው ርካሽ ስለ ሆነ እርሱ ይበቃል ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ሸክላው መርዙ ከተፈጠረ በኋላ የሚደረግ እርዳታ ነው፤ በምርመራ የሚገኘውም ዕውቀት መርዙ የት እንዳለ ከማሳየት አያልፍም። ሁለቱም ቢሆኑ እርጥብ ጎተራን አያደርቁም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እህሉ በሚገባ ደርቆ እንዲገባ፣ ፋጉሎውም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ዝናብና ጤዛ ከማይደርስበት ስፍራ እንዲቀመጥ፣ የሻገተውም ለላም እንዳይሰጥ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ፋጉሎ የሚገዛና የሚሸጥ ሁሉ ናሙናውን ወደ ምርመራ እንዲልክ ማድረግ፣ ውጤቱንም ለወተት አቅራቢዎች ማስታወቅ ይገባል። ጥበቡ የመርዙን መልክ ለይቶ ያሳያል፤ መርዙ ወደ ሕፃኑ ጽዋ እንዳይደርስ መከልከል ግን የሹሙና የባለ እርሻው ትጋት ነው።