ዓሣ የውኃ ውስጥ በሬ አይደለም

ማዮስታቲን የተባለው ፕሮቲን የጡንቻን ዕድገት ስለሚገታ፣ ፕሮቲኑን የሚያስገኘውን ዘረ-መል ከሥራ ውጭ ማድረግ ብቻውን ሥጋው የበዛ ዓሣ ለማርባት ይበቃል የሚለው እምነት በዓሣ እርባታ ምርምር ዘንድ ሥር ሰዷል። እምነቱ መጀመሪያ የበቀለው ግን ከዓሣ ጥናት አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ይህ ዘረ-መል የተወገደባቸው አይጦች ጡንቻ ከሁለት እጥፍ በላይ መግዘፉ ታወቀ፤ በዚያው ዓመትም የቤልጂየም ሰማያዊ የሚባለው የከብት ዝርያ ግዙፍነት የዚሁ ዘረ-መል ጉድለት ውጤት መሆኑ ተረጋገጠ።

ከአይጥና ከከብት የተገኘውን መደምደሚያ እንዳለ ወደ ዓሣ ማሻገር የዓሣን ተፈጥሮ መዘንጋት ነው። በአጥቢ እንስሳት የጡንቻ ክሮች፣ ማለትም ጡንቻን የሚሠሩት ረጃጅም ሕዋሳት፣ ቁጥር በልደት አካባቢ በአመዛኙ ተወስኖ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ውፍረታቸው ሲሆን፣ ትልቅ አካል የሚያወጡ ዓሦች ከተፈለፈሉም በኋላ ለረጅም ጊዜ አዳዲስ ክሮችን ያበቅላሉ። በተጨማሪም የአብዛኞቹ አጥንታማ ዓሦች ቅድመ አያት መላው የዘረ-መል ክምችቱ በጥንት ዘመን እጥፍ በመሆኑ፣ የሳልሞን ወገን ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ መባዛት ስላጋጠመው፣ በአጥቢ እንስሳት አንድ ብቻ የሆነው የማዮስታቲን ዘረ-መል በሳልሞን ወገን እስከ አራት ቅጂ ይገኛል፤ ቅጂዎቹም በጡንቻ ሳይወሰኑ በአንጎልና በሌሎች የአካል ክፍሎች ጭምር ይሠራሉ።

የተግባር ማስረጃውም የእምነቱን ልክ ያሳያል። ጃፓናውያን ማዳይ በሚሉት ቀይ የባሕር ዓሣ ላይ ዘረ-መሉን ያቋረጡ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ውጤት ጡንቻው 16 በመቶ ያህል ጨምሯል፣ የሰውነቱ ርዝመት ግን አጥሯል። ይህ ለአርቢው የሚናቅ ጥቅም ባይሆንም ከአይጡ ውጤት እጅግ የራቀ ነው፤ ማጠሩም ጣልቃ ገብነቱ ከጡንቻ አልፎ አጥንት እንደሚነካ ያመለክታል።

በአንጻሩ የአትላንቲክ ሳልሞን ዕንቁላሎች የፅንሱ ዓይን እስኪታይ ድረስ በ2፣ በ5፣ በ8 እና በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቆይተው ኋላ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲያድጉ፣ ከፍተኛውን የመጨረሻ የጡንቻ ክር ቁጥር የያዙት በ5 ዲግሪ የቆዩት ናቸው። አንድም ዘረ-መል ሳይነካ የፅንስ ዘመን ሙቀት ብቻ የአዋቂውን ጡንቻ መልክ ከወሰነ፣ ዕድገትን በአንድ ዘረ-መል ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ የዘረ-መል ማስተካከያን እንደ መፍትሔ የሚያቀርብ ሁሉ ከክብደት በተጨማሪ የክሮቹን ቁጥርና ውፍረት፣ የአከርካሪውን ቅርጽና የመራባት ብቃቱን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ የዕንቁላል ማፍያ ሙቀትን ከመቆጣጠር ጋር ሳይወዳደር የተገኘ ድልም ገና ድል ሊባል አይገባውም።