ጉልበት የማይጠይቀው ምት

ጎልፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ኳሷን ከዓይን እስክትሰወር የሚያርቀውን ረጅም ምት ነው። የጀማሪ ውጤት በብዛት የሚበላሸው ግን ጉድጓዷ አጠገብ ነው። ኳሷ ግሪን ከሚባለው አጥሮ ከታጨደ ሳር ጥቂት እርምጃ ቀርታ ስትቆም፣ በሁለት ምት ማለቅ የሚችለው በአራትና በአምስት ይጨረሳል። ኳሷን በዝቅታ አንስቶ ወደ ጉድጓዷ የሚያንከባልለው ይህ አጭር ምት ቺፕ ይባላል።

ደግነቱ፣ ቺፕን ለመለማመድ የጎልፍ ሜዳ የግድ አይደለም። ሐረር ኤረር በር አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ አዲስ አበባ ወዳለው የጎልፍ ሜዳ ለመምጣት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። የጀጎል ጠባብ መንገዶች ለኳስ አይሆኑም፤ ከግንቡ ውጪ ሰው የማይበዛበት ገላጣ ቦታ ወይም ሰፊ ግቢ ግን ይበቃል።

በገና ጨዋታ ያደገ ሰው ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ መምታት ለምዷል። ቺፕ የዚህ ተቃራኒ ነው። እግርዎን ጠበብ አድርገው ይቁሙ። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆኑ ክብደትዎን በግራ እግርዎ ላይ ያሳርፉ፤ ኳሷን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ እግርዎ ያስጠጉ፤ እጆችዎ ከኳሷ ጥቂት ወደ ዒላማው ይቅደሙ። አንጓዎን ሳያጥፉ ትከሻዎን እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ያወዛውዙ። ኳሷን «ላንሳት» ብለው አይታገሉ። ሲታገሉ ዱላው ወይ መሬት ይቆፍራል፣ ወይ ኳሷን አናቷን ብሎ ያስፈነጥራታል። ማንሳት የዱላው ፊት ዝንባሌ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ዓይንዎን ከጉድጓዷ አንስተው ኳሷ በምታርፍበት ቦታ ላይ ይትከሉ። ጉድጓዷ 12 እርምጃ ብትርቅና ግሪኑ ሜዳማ ቢሆን፣ በፒቺንግ ዌጅ 4ኛው እርምጃ ላይ፣ በ9 ቁጥር ዱላ 3ኛው ላይ፣ በ7 ቁጥር ደግሞ 2ኛው ላይ ያሳርፏት፤ የቀረውን ራሷ ትንከባለላለች። ዳገት ከሆነ አርቀው፣ ቁልቁለት ከሆነ አቅርበው ያሳርፉ።

ጉልበት ብቻ እንደማያሸንፍ የሚያሳይ ታሪክም አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፒጂኤ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በቁመት አጭሩ ፖል ራንያን ኳስ በማራቅ እጅግ የሚበልጠውን ሳም ስኒድን ገጠመ። ራንያን በአጭር ምቶች የተካነ ነበርና፣ 7 ጉድጓዶች ሲቀሩ በ8 በልጦ ዋንጫውን ወሰደ።

ለቤተሰብም ትርጉሙ ይኸው ነው። በረጅሙ ምት አያትና የልጅ ልጅ እኩል ሊወዳደሩ አይችሉም፤ በቺፕ ግን የአሥር ዓመቷ ልጅ አያቷን ልትረታ ትችላለች። አሮጌ ፎጣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ያንጥፉ። ሰፌድ አይሁን፤ እንጀራ የሚቀርብበት ዕቃ የኳስ ዒላማ ሲሆን ማየት ለእናቶች አይዋጥም። እያንዳንዱ አሥር ኳስ ይምታ፤ ፎጣው ላይ ያረፈው ይቆጠር። ለትንንሾቹ ቀላል የፕላስቲክ ኳስ ይስጡ፤ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ከመቺው ኋላ ራቅ ብሎ ይቁም።

ከአሥሩ ስድስቱ ፎጣው ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ዱላ ይቀይሩና እንደገና ከአንድ ይቁጠሩ።