«አንፊት» ከተባለች በኋላስ?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ስትል ሜዲካል ወደቀች። ከክሊኒኩ ያገኘችው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «አንፊት»። ምን ተገኘብኝ ስትል «ኤጀንሲሽን ጠይቂ» አሏት። ኤጀንሲው ፓስፖርቷን መልሶ ሸኛት። የጉበት ቫይረስ፣ ማለትም ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዳለባት ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ በራሳችን ገንዘብ ሌላ ቦታ ስናስመረምራት ነው። በሁለቱ ወራት ከታናሽ እህቷ ጋር ጥፍር መቁረጫ ሳይቀር ትጋራ ነበር። መከላከያ ክትባት እያለ!

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ እርግዝና ይመረመራል። ቀጣሪው ቤቱ የሚገባውን ሰው ጤና ልወቅ ማለቱ አይገርመኝም። ግን ከፋዩ ማነው? በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የምርመራና የክትባት ወጪ የሠራተኛው ነው። ከፍሎ የተመረመረ ሰው ውጤቱን ከነማብራሪያው እጁ ላይ ማግኘት አለበት። ሳንባዋ ላይ ጥላ የታየባት ልጅ «አንፊት» ተብላ ወደ ወሎ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ የሚነግራት ከሌለ፣ ጣጣው አብረዋት ለተሳፈሩትም ይተርፋል።

«ፊት» የተባለችውም ቢሆን ያው ናት። ካነጋገርኳቸው ተጓዦች አስም አለብሽ ወይ፣ ጥርስሽን ያምሻል ወይ ተብዬ ነበር ያለችኝ የለችም። በሐምሌ፣ እኛ ጃኬት ስንደርብ፣ ሪያድ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ጥርስ ለመነቀል የአሠሪ ፈቃድ መለመን አለ። ትራማዶል ወይም ኮዴን ያለበት ማስታገሻ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሻንጣ ውስጥ መክተት ደግሞ በባሕረ ሰላጤው እስከ እስር ያደርሳል። የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ላይ ምጣድ አያያዝ ከሚደጋገም ይሄ ቢነገር ምን ነበረበት?

ቢጫ ካርዱንም ሳይወጉ «ያስጨረሱ» አውቃለሁ። ክትባቱ ሊሠራ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ አንዴ ከተወጉ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው። አሳድሱ የሚሏችሁን አትስሙ።

የአክስቴ ልጅ አሁን በየስድስት ወሩ ክትትል አላት፤ ሐኪሟ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግሽም ብሏታል። እህቷ ተመርምራ ነፃ ሆናለች። ሦስተኛውን ክትባት ባለፈው ሳምንት ወሰደች።