የኦንላይን መደብር ሶፍትዌርና የአነስተኛው ነጋዴ ምርጫ

ጫማ ወይም የሀገር ልብስ የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ ዕቃውን በቴሌግራም ማሳየቱ፣ ገዢውም በስልክ አዝዞ ገንዘቡን በቴሌብር ከላከ በኋላ የደረሰኙን ሥዕል መላኩ ዛሬ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ትእዛዙ በቀን 3 ወይም 4 ሲሆን ይህ አሠራር ይበቃል። 40 ሲደርስ ግን እያንዳንዱን ደረሰኝ ከባንክ ሒሳብ ጋራ ማመሳከርና ያለቀውን ዕቃ ካላለቀው መለየት ለአንድ ሰው የሚቻል አይደለም። ገዢው ዕቃ የሚመርጥበት፣ ዋጋው የሚደመርበትና ክፍያው የሚፈጸምበት ሶፍትዌር የሚፈለገው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ምርጫው የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከቤተ ዘመድ መካከል የተማረው ወጣት ነው፤ እሱም መልኩ ያማረውን ይጠቁማል። እኛ ግን የመልክ ነገር መጨረሻ ላይ የሚታይ ነው እንላለን።

አስቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘቡ በምን መንገድ ይገባል የሚለው ነው። የካናዳውን ሾፒፋይ እንመልከት። መሥራቾቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኦንላይን ሊሸጡ ተነሥተው የሚስማማ ሶፍትዌር ስላጡ የራሳቸውን ሠሩ፤ በ2006ም ለሌላው ነጋዴ አቀረቡት። ሥራው ቀልጣፋ ነው፤ ጥገናውም የድርጅቱ ኃላፊነት ነው። ነገር ግን የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያን አያካትትም፤ በሌላ አገናኝ የሚሠራውን ነጋዴ ደግሞ በመነሻው የኪራይ ደረጃ ከየሽያጩ 2 በመቶ ይቀንስበታል። ኪራዩም በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በብር ለሚሸጥ ሰው፣ የዶላሩ ኪራይ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ወጪው ዕጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው!

በሌላ ወገን ዉኮሜርስ አለ። በዎርድፕረስ ላይ የሚገጠም፣ ኮዱ ክፍት የሆነና በነፃ የሚገኝ ነው፤ እንደ ቻፓ ያለ የሀገር ውስጥ የክፍያ አገናኝም ይገጠምበታል። ሆኖም ነፃ ስለተባለ ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ አለው፣ በየጊዜው ያልታደሰ ሶፍትዌርም ለሌባ የተከፈተ በር ነው። መደብሩን ያቆመው የወንድም ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድስ?

ሁለተኛው ጥያቄ የመውጫው ነው። ማጄንቶ የተባለው ሶፍትዌር በ2018 በአዶቤ ተገዛ፤ የመጀመሪያው ትውልዱም በሰኔ 2020 ድጋፉ ተቋረጠ። አዲሱ ትውልድ አሠራሩ የተለየ ስለነበረ፣ ወደሱ ለመሻገር የፈለገ ነጋዴ መደብሩን እንደገና ማቆም ነበረበት። ስለዚህ የዕቃው ዝርዝር፣ የደንበኞቹ መዝገብና የቀድሞው ትእዛዝ በሠንጠረዥ ፋይል ሊወጣ መቻሉን ከውል በፊት ማረጋገጥ ይገባል። የደንበኞቹ ስምና ስልክ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ኃላፊነት የሚያስከትል ንብረት ነው።

እንግዲህ በብር ለሚሸጥና ለጥገና በየወሩ ለባለሙያ ለመክፈል ለቈረጠ ሰው ዉኮሜርስ ይሻላል። አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም ድርጅት አቋቁሞ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖች ለሚሸጥ ግን ሾፒፋይ ኪራዩን ይከፍላል። ትእዛዙ ጥቂት የሆነው በቴሌግራሙ ይቈይ። ለመምረጥ የተነሣውም ቢሆን አስቀድሞ 10 ዕቃ ብቻ አስገብቶ፣ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት፣ ዋጋው ርካሽ በሆነ ስልክ አንድ ዘመዱን ያስገዛ፤ ገዢው ግራ ተጋብቶ የሚቆምበትንም ገጽ ልብ ይበል።