በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል የጦር መሣሪያ
ከአባት ከአያት የወረዱትን ጎራዴና ጋሻ፣ ጦርና ሾተል በእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማኖር እጅግ የተመሰገነ ልማድ ቢሆንም፣ ብዙው ባለቤት መሣሪያውን አገላብጦ ሳይመረምር «ይህ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተ ነው» ብሎ ለእንግዳ መናገሩ፣ የአያቱን ክብር ያበዛለት ይመስለዋል እንጂ፣ በእኔ አስተያየት ብረቱ ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት ይሸፍንበታል። ጎራዴውን ከአፎቱ መዝዞ ወደ ብርሃን ቢያዞረው፣ ከእጀታው በላይ የሞዓ አንበሳ ምስልና የዳግማዊ ምኒልክ ስም በግዕዝ ፊደል ተቀርጾ፣ አልፎ አልፎም በዚያው አጠገብ የባዕድ አገር ባለፋብሪካ ማኅተም ታትሞ ያገኝ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን አያሌው የጎራዴ ብረት በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ተሠርቶ ሲመጣ፣ የአውራሪስ ቀንድ እጀታውንና የቆዳ አፎቱን የሚያበጁለት የአገራችን ጠይብና ፋቂ ነበሩና (ጠይቡን እየናቅን የእጁን ሥራ በክብር መስቀላችን ለብቻው የሚያነጋግር ነገር ነው)። እንግዲህ ይህን ጽሕፈት ከዝገቱ ጋር በአሸዋና በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው፣ የብራና ፊደል ከሚፍቅ ሰው በምንም አይሻልም፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ዘይት ቢቀባው ይበቃዋል። ስለ ጦሩ ብዙ አልልም፤ ጋሻው ግን የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ሲሆን ሙቀት ስለሚያጣምመው፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ አሮጌው ማንገቻ ክብደቱን ብቻውን እንዳይሸከም ከሥሩ በእንጨት ተደግፎ ሊሰቀል፣ በአጠገቡም ማን እንደ ታጠቀውና ይህንንም ማን እንደ ተናገረ በአጭር ቃል ሊጻፍለት ይገባል።